ከተገዙ ዕቃዎች የተገጣጠመ ማሽን የኢ.ኤም.ሲ ፈተና እንዲያልፍ፦ ከዕቃ ምርጫ እስከ ላቦራቶሪ

ድራይቩ፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ የሲ.ኢ. ምልክት (የአውሮፓን መስፈርት ያሟላል የሚለው የአምራቹ ምልክት) አለው። ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር፣ ፒ.ኤል.ሲው፣ አለው። የ24 ቮልት ኃይል ሰጪው፣ ስክሪኑ፣ የሚዛን ማጉያው፣ ሁሉም አላቸው። በአንድ ፓነል ተሰብስበው ላቦራቶሪ ሲገቡ ግን ማሽኑ ይወድቃል። ገጣጣሚው የአቅራቢዎቹን የተስማሚነት መግለጫዎች ደርድሮ «እነዚህ ሁሉ እኮ ያለፉ ናቸው» ይላል፤ የላቦራቶሪው ባለሙያ ምንም ሳይመልስ ከገደቡ በላይ የወጣውን መስመር በጣቱ ያሳየዋል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ገጣጣሚ ነው። ኤሌክትሮማግኔቲክ ተጣጣሚነት፣ በሥራ ቋንቋ ኢ.ኤም.ሲ፣ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ልቀት ነው፤ ማሽኑ ጎረቤቱን እንዳይረብሽ። ሁለተኛው መቋቋም ነው፤ ጎረቤቱ ሲረብሸው ሥራውን እንዳያበላሽ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ምልክት ሲደመር ምልክት፣ ምልክት አይሆንም

ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንድ ድራይቭ ብቻውን ሲፈተን ልቀቱ ከገደቡ በ3 ዴሲቤል (የረብሻ መጠን መለኪያ) ዝቅ ብሎ አለፈ እንበል። ያንኑ ዓይነት ሦስት ድራይቭ በአንድ የኃይል መስመር ላይ ስትሰቅሉ፣ የሦስቱ ረብሻ ተደምሮ በ4.8 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ይላል። ገደቡ በ1.8 ዴሲቤል ታለፈ ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱም ብልሽት የለበትም፤ የሦስቱም ወረቀት እውነተኛ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይብሳል። ዕቃው ያለፈው አምራቹ ባዘጋጀለት ሁኔታ ነው፦ አጭር የሞተር ኬብል፣ ቀለም ያልተቀባ የብረት ሰሌዳ፣ አምራቹ ራሱ የመረጠው የረብሻ ማጣሪያ (ፊልተር)። እናንተ ኬብሉን ሦስት እጥፍ አስረዝማችሁ ቀለም በተቀባ ሰሌዳ ላይ ከሰቀላችሁት የተፈተነው ሌላ ዕቃ፣ የሰቀላችሁት ሌላ ዕቃ ሆነ። ስለዚህ ከአቅራቢዎቻችሁ የምትሰበስቡት ዋናው ነገር እነዚያ ሁኔታዎች ናቸው።

ደረጃ 1፦ ማሽኑ ምን እንደሆነና የት እንደሚቆም ወስኑ

ማንኛውንም ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ መልሱ፤ መልሱንም ጻፉት።

1.1 መሣሪያ ነው ወይስ ቋሚ ተከላ?

ከ2016 ሚያዝያ 20 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት የኢ.ኤም.ሲ መመሪያ 2014/30 ሁለቱን ይለያል። ተገጣጥሞ እንደ አንድ ምርት ለገበያ የሚቀርብ ማሽን «መሣሪያ» ነው፤ የተስማሚነት ግምገማ፣ የተስማሚነት መግለጫና የሲ.ኢ. ምልክት ያስፈልገዋል። በአንድ በተወሰነ ቦታ ለዘለቄታው እንዲተከል የተሰበሰበ ሥርዓት፣ ለምሳሌ የአንድ ፋብሪካ ሙሉ የማጓጓዣ መስመር፣ «ቋሚ ተከላ» ነው። ቋሚ ተከላ የራሱ ምልክትም መግለጫም አይጠየቅበትም። ሆኖም መሠረታዊ መስፈርቶቹን ማሟላት፣ በጥሩ የምህንድስና አሠራር መተከልና የተከላው ሰነድ በኃላፊው እጅ መገኘት ግድ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብበው ሁለተኛውን ይዘሉታል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ይኸው መመሪያ ማሽኑ በላቦራቶሪ መፈተን አለበት ብሎ አያስገድድም፤ አምራቹ በራሱ ግምገማ ሰነድ አዘጋጅቶ መፈረም ይችላል። ነገር ግን ብዙ ድራይቭ ባለበት ማሽን ላይ ሳይለኩ መፈረም የሌላን ሰው ዕዳ ሳያዩ ዋስ እንደ መሆን ነው።

1.2 አካባቢው ኢንዱስትሪ ነው ወይስ መኖሪያ?

የራሱ ትራንስፎርመር ያለው ፋብሪካ ከሆነ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይ.ኢ.ሲ) አጠቃላይ ደረጃዎች (ስታንዳርዶች) ለመቋቋም አይ.ኢ.ሲ 61000-6-2፣ ለልቀት አይ.ኢ.ሲ 61000-6-4 ናቸው። መኖሪያ ቤቶች በሚጋሩት የኃይል መስመር ላይ ያለ ትንሽ ወርክሾፕ ከሆነ የልቀት ገደቡ ይጠብቃል፤ አይ.ኢ.ሲ 61000-6-3ን ተመልከቱ። ለማሽናችሁ ዓይነት የተለየ የምርት ደረጃ ካለ ከአጠቃላዩ ይቀድማል።

ደንበኛው የሚተከልበትን ቦታ ካልነገራችሁ፦ ለልቀት የመኖሪያውን፣ ለመቋቋም የኢንዱስትሪውን ያዙ። ወጪው ይጨምራል፤ ነገር ግን የትም ቢቆም አያሳፍራችሁም።

ደረጃ 2፦ የእያንዳንዱን ዕቃ ሁኔታ መዝግቡ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ነው። አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ አንድ ረድፍ ስጡ፤ ለሚከተሉት ጥያቄዎች ደግሞ ዓምድ፦

ሀ. የተስማሚነት መግለጫው የትኛውን የኢ.ኤም.ሲ ደረጃ በቁጥር ይጠቅሳል? መግለጫው ስለ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ደኅንነት ብቻ የሚያወራ ከሆነ ለኢ.ኤም.ሲ ባዶ ወረቀት ነው።

ለ. ለየትኛው አካባቢ ተፈተነ? ድራይቮች በአይ.ኢ.ሲ 61800-3 ከሲ1 እስከ ሲ4 ይመደባሉ። ሲ1 በመኖሪያ አካባቢ ያለ ገደብ የሚሠራ ነው፤ ሲ3 ለኢንዱስትሪ የኃይል መረብ ብቻ የታሰበ ነው፤ ሲ2 በሁለቱ መካከል ነው። ሲ3 ድራይቭ ገዝቶ መኖሪያ ቤቶች ከሚጋሩት መስመር ላይ መስቀል ገና ከጅምሩ የተሸነፈ ጨዋታ ነው።

ሐ. በምን ሁኔታ አለፈ? የተከላ ማኑዋሉን እስከ ግርጌ ማስታወሻው አንብቡ። «በ4 ኪሎኸርዝ የመቀያየሪያ ፍጥነት እስከ 10 ሜትር የሞተር ኬብል ሲ2፣ እስከ 50 ሜትር ሲ3» የሚል ዓይነት መስመር ታገኛላችሁ። ይህች መስመር ከሽፋኑ ምልክት በላይ ዋጋ አላት። የሞተሩ ድምፅ እንዲቀንስ ብሎ አንድ ቴክኒሻን የመቀያየሪያ ፍጥነቱን (ድራይቩ ኃይሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚቆራርጥ) ወደ 12 ኪሎኸርዝ ቢያሳድገው ያ መስመር አይሠራም።

መ. የውጭ ፊልተር፣ የፌራይት ቀለበት (በኬብል ዙሪያ ተደርጎ ረብሻን የሚያዳክም) ወይም የተለየ ግላንድ (ኬብሉ ወደ ሳጥን የሚገባበት ማጥበቂያ) ይጠይቃል? የፊልተሩን የክፍል ቁጥር በትክክል ጻፉ፤ «ተመሳሳይ» የሚባል ፊልተር የለም።

ሠ. የኬብል ርዝመት ገደብ አለው? እዚህ ላይ የማይታይ ወጥመድ አለ። በአጠቃላዩ የኢንዱስትሪ ደረጃ መሠረት ፈጣን የፍንዳታ ፈተና (በኬብሉ ላይ ተደጋጋሚ አጫጭር የቮልቴጅ ምቶችን የሚለቀው) የሚደረገው ኬብላቸው ከ3 ሜትር ሊበልጥ በሚችል የሲግናል በሮች፣ ማለትም ኬብል በሚሰካባቸው መግቢያዎች፣ ላይ ነው። አምራቹ «ኬብሉ ከ3 ሜትር አይበልጥም» ብሎ ካወጀ ያ በር ጨርሶ ሳይፈተን ዕቃው በሕጋዊ መንገድ ምልክቱን ያገኛል። እናንተ ያንን ሴንሰር በ40 ሜትር ኬብል ስትዘረጉት የመጀመሪያዎቹ ፈታኞች እናንተ ናችሁ።

አቅራቢው ካልመለሰ፦ ጥያቄውን በጽሑፍ ላኩ፤ «ኢ.ኤም.ሲ አለው ወይ?» አትበሉ፤ «አዎ» ብሎ ይገላግላችኋል። በየትኛው ደረጃ፣ በስንት ሜትር ኬብል፣ በየትኛው ፊልተር፣ በምን ዓይነት ሰሌዳ ላይ እንደተፈተነ ጠይቁ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ዝም ካለ ዕቃውን ያልተፈተነ አድርጋችሁ መዝግቡ፤ ወይ ቀይሩት፣ ወይ ፊልተርና መለያ ግድግዳ በበጀቱ ላይ ጨምሩለት።

ደረጃ 3፦ ፓነሉን በሥዕል ላይ ክፈሉት

መሰርሰሪያ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። በሥዕሉ ላይ ሁለት ሰፈር አስምሩ። ድራይቭ፣ ኮንታክተር (በኮይል የሚሠራ የኃይል ማብሪያ)፣ የፍሬን መቋቋሚያ (ሬዚስተር) እና የሞተር ኬብል በአንድ ወገን ይሁኑ፤ ፒ.ኤል.ሲ፣ የአናሎግ ግብዓትና የመረጃ መስመር በሌላው ወገን። በመካከላቸው ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ተዉ፤ ቦታ ከሌለ ከጀርባ ሰሌዳው ጋር በብዙ ነጥብ የታሰረ የብረት ግድግዳ አቁሙ። የሞተር ኬብልና የሲግናል ኬብል መገናኘት ካለባቸው በ90 ዲግሪ ይቋረጡ፤ ጎን ለጎን አይሂዱ።

የኃይል ፊልተሩን ኃይሉ ወደ ፓነሉ በሚገባበት ጥግ ላይ አድርጉት። የፊልተሩ መግቢያና መውጫ ሽቦዎች በአንድ ቱቦ ውስጥ አብረው ከተጓዙ ፊልተሩ የለም ብላችሁ ቁጠሩት። ረብሻው ከመውጫው ሽቦ ወደ መግቢያው ሽቦ በአየር ዘልሎ ይሻገራል።

የጀርባ ሰሌዳ ስታዝዙ «ዚንክ የተለበጠ፣ ቀለም ያልተቀባ» ብላችሁ እዘዙ። የቀረውን ድካም ግማሹን ይቀንስላችኋል።

ደረጃ 4፦ ብረት ብረትን ይንካ

አረንጓዴና ቢጫው የምድር ሽቦ ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚጠብቅ ነው። ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ረብሻ ግን ሽቦ መንገድ አይሆንም። ቁጥሩ ይኸውላችሁ፦ 10 ሴንቲሜትር ሽቦ 0.1 ማይክሮሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ አለው። በ50 ኸርዝ ይህ የኦም ሚሊዮንኛ ክፍሎች ጉዳይ ነው፤ በ10 ሜጋኸርዝ ግን 6 ኦም አካባቢ ይሆናል። የድራይቩ ረብሻ ደግሞ እስከ 30 ሜጋኸርዝና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ስለዚህ፦

1. ድራይቩ፣ ፊልተሩና የሺልድ (የኬብሉ የብረት ጥልፍ ልባስ) ማቀፊያው በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ያለውን ቀለም እስከ ብረቱ ፋቁ። በቀለሙ ላይ ጥርሳም ዋሸር አስሮ «ይነክሰዋል» ማለት በአራት ነጥብ ከመንካት በላይ አይሆንም።
2. የተፋቀውን ገጽ ዝገት እንዳይበላው ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ ቅባት ለብጡት።
3. የፓነሉን በርና ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በጠፍጣፋ የተጠለፈ መዳብ አገናኙ። ርዝመቱ ከስፋቱ አምስት እጥፍ አይብለጥ።
4. የምድር ሽቦውን እንዳለ አቆዩት፤ ጠፍጣፋው መዳብ ተጨማሪ ነው እንጂ ምትክ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ረብሻ ለማስወገድ ብላችሁ የመከላከያ ምድር ሽቦን በፍጹም አትንቀሉ። «ነቅለነው ተስተካከለ» የሚል ወሬ በየፋብሪካው አለ። የተስተካከለው ማንበቢያው ነው፤ የማሽኑ አካል ግን ሰው ሊገድል ይችላል። ፊልተሮች በምድር ሽቦው ላይ የማያቋርጥ ጅረት ያፈሳሉ። በአይ.ኢ.ሲ 60204-1 መሠረት ያ ጅረት ከ10 ሚሊአምፔር ሲበልጥ አንዱ ተቀባይነት ያለው መፍትሔ የምድር ሽቦውን በሙሉ ርዝመቱ ቢያንስ 10 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ማድረግ ነው።

ፊልተሩ ከተገጠመ በኋላ የፍሳሽ ጅረት መቁረጫው (ወደ ምድር የሚፈስ ጅረት ሲበዛ ኃይሉን የሚያቋርጠው) መዝለል ከጀመረ፦ መቁረጫውን አልፋችሁ አታገናኙ። የፊልተሮቹን የፍሳሽ መጠን ደምሩ፤ ለብዙ ድራይቮች አንድ የጋራ ፊልተር መጠቀም ይቻል እንደሆነ ወይም አምራቹ ዝቅተኛ ፍሳሽ ያለው ዓይነት ይኖረው እንደሆነ እዩ፤ መቁረጫው ለድራይቭ የሚስማማ ዓይነት መሆኑንም አረጋግጡ። ከምድር ተነጥሎ በሚሠራ መረብ ላይ ደግሞ ተራ ፊልተር አይገጠምም፤ ማኑዋሉ የትኛውን ብሎን ፈትታችሁ ካፓሲተሮቹን ከምድር እንደምትለዩ ይነግራችኋል።

ደረጃ 5፦ ሺልዱን በክብ እቀፉት

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ።

ሺልድ ማለት ሽቦዎቹን እንደ ሹራብ የሚያለብሰው የብረት ጥልፍ ነው። ሥራውን የሚሠራው ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ፣ በ360 ዲግሪ፣ ከብረት ጋር ሲነካ ነው። ጠምዝዞ እንደ ሹሩባ አንጠልጥሎ በአንድ ብሎን ማሰር በደረጃ 4 ያየነውን የ10 ሴንቲሜትር ሽቦ መልሶ ማስገባት ነው።

ይህን ያወቅሁት በራሴ እጅ ነው። በሚዛን መዝኖ የሚሞላ ማሽን ነበር። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር የሚዛኑ ቁጥር 40 ግራም ይዘላል። ሁለት ቀን ሙሉ በፕሮግራሙ ላይ የማለስለሻ ስሌት ስንጨምርና ስንቀንስ ከረምን። በሦስተኛው ቀን የሞተሩን መገናኛ ሳጥን ከፈትኩ። ሺልዱ ተገፎ፣ 12 ሴንቲሜትር ያህል ተጠምዝዞ፣ አረንጓዴና ቢጫ ልባስ ለብሶ፣ ጫፉ ላይ ንጹሕ መጨበጫ ተደርጎለት በአንድ ብሎን ታስሯል። ሥራው ያምራል፤ የሠራሁት እኔው ነበርኩ። የብረት ግላንድ ገጥመን ሺልዱን ዙሪያውን ስናቅፈው መዝለሉ ከ2 ግራም በታች ወረደ። ማለስለሻውን ሰረዝነው።

አሠራሩ፦

1. የውጭውን ልባስ ማቀፊያው በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ቆርጣችሁ ሺልዱን አጋልጡ። ጥልፉን አትበትኑ።
2. የብረት ማቀፊያውን በተጋለጠው ሺልድ ላይ አጥብቁ፤ ማቀፊያው ያረፈበት ሰሌዳ የተፋቀ ይሁን። ኬብሉ እስኪቆለመም ግን አታጥብቁ።
3. ሺልዱ ከማቀፊያው በኋላም ሳይቆረጥ እስከ መሣሪያው አጠገብ ይቀጥል።
4. የሞተር ኬብልን በሁለቱም ጫፍ እሰሩ። በሞተሩ በኩል የብረት ግላንድ ተጠቀሙ፤ የመገናኛ ሳጥኑ ፕላስቲክ ከሆነ ሺልዱ ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኝበት የብረት ማቀፊያ በውጭ በኩል ጨምሩ።
5. የደኅንነት ማብሪያ በመንገዱ ላይ ካለ ሺልዱ እዚያም አይቋረጥ። ማብሪያው በብረት ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ሺልዱም በመግቢያና በመውጫው ይታቀፍ።

የአናሎግ ኬብል ሺልድ በአንድ ጫፍ ይታሰር ወይስ በሁለቱ የሚለው ክርክር አያልቅም። በአንድ ጫፍ ማሰር የ50 ኸርዝ ማጉረምረምን ይከላከላል፤ ለሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ግን ክፍት የቀረው ጫፍ አንቴና ነው። የእኔ አቋም፦ አምራቹ በግልጽ ካልከለከለ ሁለቱንም ጫፍ እሰሩ፤ በሁለቱ ቦታዎች መካከል የምድር ልዩነት ካለ ከኬብሉ ጎን ወፍራም የማመጣጠኛ ሽቦ ዘርጉ።

ኮንታክተርና ሪሌይ

ኮይል ሲጠፋ የሚፈጥረውን የቮልቴጅ ዝላይ እዚያው ኮይሉ ላይ አፍኑት፤ ለቀጥታ ጅረት ዳዮድ፣ ለተለዋዋጭ ጅረት ካፓሲተርና መቋቋሚያ። በፒ.ኤል.ሲው በኩል ማድረግ ረብሻውን በሽቦው ሁሉ ካስኬዱ በኋላ መያዝ ነው። ተራ ዳዮድ ኮይሉ የሚለቅበትን ጊዜ እንደሚያዘገይ አትርሱ፤ በፍሬንና በአደጋ ማቆሚያ ዑደት ላይ ቫሪስተር ወይም ዜነር ያለው ማፈኛ ተጠቀሙ፤ የማቆሚያ ጊዜውንም እንደገና ለኩ።

ደረጃ 6፦ ላቦራቶሪ ከመሄዳችሁ በፊት በቤታችሁ ለኩ

የላቦራቶሪ ቀን ውድ ነው፤ በገዛ ግቢያችሁ ልታገኙት የምትችሉትን ስህተት እዚያ አትፈልጉ።

መጀመሪያ «መቋቋም» ማለት ለማሽናችሁ ምን እንደሆነ ጻፉ። ደረጃዎቹ ሦስት መለኪያ አላቸው፦ በ«ኤ» ሥራው ሳይዛባ ይቀጥላል፤ በ«ቢ» ለጊዜው ቢዛባም በራሱ ይመለሳል፤ በ«ሲ» ኦፕሬተሩ ማስነሳት ይኖርበታል። «ሳይዛባ» የሚለውን በቁጥር አስሩት፤ ለምሳሌ ማንበቢያው ከ0.5 በመቶ በላይ እንዳይዛባ። ካልጻፋችሁት በፈተናው ክፍል ውስጥ ከባለሙያው ጋር ትከራከራላችሁ፤ ታሸንፋላችሁም ማለት አይደለም።

ከዚያ ልቀቱን ለኩ። ስፔክትረም አናላይዘር (ረብሻውን በፍሪኩዌንሲ ለይቶ የሚያሳይ መለኪያ) እና በኬብል ዙሪያ የሚታቀፍ የከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ጅረት መለኪያ ይበቃሉ።

1. ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የአካባቢውን ረብሻ መዝግቡ። ያለዚህ የጎረቤት ሬዲዮ ጣቢያ የእናንተ ጥፋት ይመስላችኋል።
2. ማሽኑን አስነሡ፤ ድራይቮቹን በተለያየ ፍጥነት፣ ከጭነትና ያለ ጭነት አንቀሳቅሱ። የከፋውን ሁኔታ ፈልጉ፤ ሁልጊዜ ሙሉ ጭነት ላይ አይደለም።
3. መለኪያውን ከፓነሉ በሚወጣ በእያንዳንዱ ኬብል ዙሪያ አድርጉ። በግምት 1 ሜትር ኬብል ላይ በ50 ሜጋኸርዝ 15 ማይክሮአምፔር ያህል የጋራ ጅረት (በኬብሉ ሽቦዎች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ) ካለ፣ በ10 ሜትር ርቀት ከኢንዱስትሪው የጨረር (በአየር የሚሰራጭ ልቀት) ገደብ፣ ማለትም ከ40 ዴሲቤል ማይክሮቮልት በሜትር፣ ጋር ተፋጥጣችኋል። 15 ማይክሮአምፔር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አስቡት።

ለመቋቋም ቀላሉ ሙከራ ለመጠቀም የተፈቀደላችሁን የእጅ ሬዲዮ በፓነሉና በሴንሰሮቹ አጠገብ ማስተላለፍ ነው። የላቦራቶሪ ፈተና ምትክ አይሆንም፤ ግን ደካማውን ቦታ ያጋልጣል። ማስጠንቀቂያ፦ ማሽኑ ሳይጠበቅ ሊንቀሳቀስ ይችላልና ሰው በአጥሩ ውስጥ አይኑር፤ አንድ ሰው እጁን በአደጋ ማቆሚያው ላይ አድርጎ ይቁም።

ደረጃ 7፦ በላቦራቶሪው ውስጥ

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ የተለያየ መጠን ያላቸው የፌራይት ቀለበቶች፣ የመዳብ ቴፕ፣ ትርፍ ማቀፊያዎች፣ ሁለተኛ ፊልተር፣ ፋይል ወይም መፋቂያ፣ ፕሮግራሙ ያለበት ኮምፒውተር፣ የሽቦ ሥዕሉ፣ የደረጃ 2 ሠንጠረዥ። ሽቦ የሚያውቅ ሰውም ውሰዱ፤ የሽያጭ ኃላፊ ብቻውን ሄዶ የተመለሰበትን ቀን አይቻለሁ።

የሚጠብቃችሁ በአጭሩ ይህ ነው። በኢንዱስትሪ አካባቢ የመቋቋም ፈተና 4 ኪሎቮልት በንክኪና 8 ኪሎቮልት በአየር የስታቲክ ኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ከ80 ሜጋኸርዝ እስከ 1 ጊጋኸርዝ 10 ቮልት በሜትር የሬዲዮ መስክ፣ በኃይል መስመር ላይ 2 ኪሎቮልት የፈጣን ፍንዳታ ፈተና፣ በመስመርና በምድር መካከል 2 ኪሎቮልት የመብረቅ ዓይነት ዝላይ፣ እንዲሁም በኬብሎች ላይ የሚነዳ 10 ቮልት ረብሻ ይገኙበታል።

ሲወድቅ ከየት ይጀመራል?

በኃይል መስመሩ ላይ ከ150 ኪሎኸርዝ እስከ ጥቂት ሜጋኸርዝ ከወደቀ፣ ከፊልተሩ ጀምሩ። ሥሩ ተፍቋል? መግቢያውና መውጫው ተለያይተዋል? የመቀያየሪያ ፍጥነቱ በሠንጠረዡ ያለው ነው? ትልቅ ፊልተር መግዛት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ከ30 እስከ 200 ሜጋኸርዝ አካባቢ በጨረር ከወደቀ፣ አንቴናው ኬብል ነው። ከፓነሉ የሚወጡ ኬብሎችን አንድ በአንድ ነቅላችሁ ግራፉን እዩ፤ የወረደበት ኬብል ጥፋተኛው ነው። ሺልዱን ፈትሹ፤ ቀጥሎ ፌራይት ሞክሩ። ከዚያ በላይ ባለው ፍሪኩዌንሲ ከሆነ ስክሪኑን፣ የኔትወርክ መሣሪያዎቹንና የፓነሉን ክፍተቶች ተመልከቱ።

በፈጣን ፍንዳታ ፒ.ኤል.ሲው እየጠፋ ከተነሳ፣ የ24 ቮልቱን መስመርና ከሞተር ኬብል ጋር አብረው የታሰሩ የግብዓት ሽቦዎችን እዩ። በሬዲዮ መስክ የአናሎግ ማንበቢያ ከተዛባ ሺልዱ አንድ ጫፉ ክፍት መሆኑን አጣሩ።

አንድ ልማድ ያዙ፦ መፍትሔ ስትሞክሩ ያልሠራውን ወዲያው አትንቀሉ። ሦስት ቀዳዳ ያለበት ባልዲ አንዱ ቢደፈን ማፍሰሱን አይተውም፤ ያ ማለት ግን የደፈናችሁት ቀዳዳ አልነበረም ማለት አይደለም። እስኪያልፍ ጨምሩ፤ ካለፈ በኋላ አንድ በአንድ እየነቀላችሁ የትኛው እንደሚያስፈልግ ለዩ።

ማሽኑ ወደ ፈተናው ክፍል የማይገባ ትልቅ ከሆነ፣ የልቀት ደረጃው ሲስፕር 11 የኢንዱስትሪ ምድብ የሆነውን መሣሪያ በቆመበት ቦታ መለካት ይፈቅዳል። የአካባቢው ረብሻ ስለሚያስቸግር ሌሎች ማሽኖች የሚቆሙበትን ሰዓት ምረጡ።

የሰው ደኅንነት በኤሌክትሮኒክስ ላይ የቆመ ከሆነ፣ ለምሳሌ የብርሃን መጋረጃ ወይም የደኅንነት ፒ.ኤል.ሲ ካለ፣ ከላይ ያሉት መጠኖች አይበቁም፤ አይ.ኢ.ሲ 61000-6-7ን ተመልከቱ።

ደረጃ 8፦ ፋይሉን አደራጁ፣ ለውጡን ተቆጣጠሩ

የደረጃ 2 ሠንጠረዥ፣ ሥዕሎቹ፣ የማቀፊያዎቹ ፎቶግራፎች፣ የልኬት ውጤቶቹና በላቦራቶሪ የተደረጉ ለውጦች ሁሉ በአንድ ፋይል ይግቡ። በአውሮፓው መመሪያ መሠረት የመሣሪያው ቴክኒካዊ ሰነድ ማሽኑ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ለ10 ዓመት ይቀመጣል። በላቦራቶሪው የተጨመረው ፌራይት በምርት ሥዕሉ ላይ መግባቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ የተፈተነው ማሽን ላይ ቀርቶ ለደንበኛው የተላከው ላይ የሌለ ፌራይት ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል።

ለደንበኛው በሚሰጠው ማኑዋል ውስጥ የኬብል ዓይነት፣ ከፍተኛ ርዝመትና የሺልድ አስተሳሰር በሥዕል ይግለጹለት። በፓነሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይም አንድ ወረቀት ለጥፉ፦ የድራይቩና የፊልተሩ ትክክለኛ የክፍል ቁጥር፣ የመቀያየሪያ ፍጥነቱ፣ የሞተር ኬብሉ የርዝመት ጣሪያ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሌሊት ድራይቭ የሚቀይረው ጥገና ሠራተኛ ፋይላችሁን አይከፍትም፤ በሩን ግን ይከፍታል።